የሎጋው ሠላሳ ስምንተኛ ካሴት

ጋሽ መስኮት ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው ተከራክሮ ስለማይረታው እውነት ነው ብሎ ትቶለታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሲኒማ ቤቱን ማሽን ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። ተመልካቹ ከሱ የሚያየው ነገር ቢኖር ከኋላ ግድግዳው ላይ ከተከፈተችው ትንሽ መስኮት ብቅ የምትል አንድ ዓይን ብቻ ስለነበረች፣ ስሙም መስኮት ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሙን ለማወቅ የጡረታ ደብተሩን መግለጥ ያስፈልጋል።

ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲራመድ መንገዱን የገዛው የሚመስል ሰው ነው። ስለ ዝናብም ይጠየቅ ስለ ጥርስ ሕመም "ይመስለኛል" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ስለ ሎጋው ከተጠየቀማ በቃ፣ ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው።

ሎጋው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነው። የውጭ አገር ስሙ ለከተማው ሰው ምላስ አልመች ስላለ ሎጋው ብለው ጠሩት፣ ተስማማው። በር ሁሉ የሚያጥረው፣ ንግግሩ በቁጥር የሆነ፣ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ እንደማድረግ ይበልጥ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። በዚያ ከተማ ያደገ ወንድ ሁሉ በአንድ ወቅት እንደሱ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ለመራመድ ሞክሯል፤ ባርኔጣ የሌለውም ያለ ባርኔጣ ሞክሯል።

ፊልም የሚያሳይ ሰው ፊልም እንደማያይ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። አንድ ፊልም ስድስት ሰባት ጥቅል ሆኖ በየጣሳው ይመጣል። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አንዱ እየሠራ ሳለ ሌላውን ማጉረስ፣ ለብርሃን የሚነደውን የከሰል ዘንግ ማስተካከል፣ መስታወት መጥረግ አለ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ከስክሪኑ በላይኛው ቀኝ ጥግ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ማሽን ማስነሳት ነው። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነጥቧ ትደገማለች፤ ያን ጊዜ መቀየር ነው። ተመልካቹ ነጥቧን ልብ አይላትም፤ ጋሽ መስኮት ደግሞ ከነጥቧ በቀር ብዙም የሚያየው አልነበረም። ሎጋው ሽጉጡን ሲመዝ ያየዋል፤ ማንን እንደመታ ግን የሚያውቀው ከአዳራሹ ጩኸት ነው።

ስለዚህ ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የሲሚንቶ መጋዘን ሲሆንና እሱም ጡረታ ሲወጣ፣ "ሃያ ስድስት ዓመት ቁርጥራጩን አየሁ፤ አሁን ሙሉውን አያለሁ" ብሎ አወጀ። ሎጋው በሕይወቱ የሠራቸው ፊልሞች ሠላሳ ስምንት ናቸው። ሠላሳ ስምንቱንም በቪዲዮ ካሴት ሰብስቦ ቤቱ ውስጥ ሊደረድራቸው ቆረጠ።

ባለቤቱ በሲኒማ ቤቱ ትኬት ስትሸጥ ያገባት ሴት ናት፤ ታውቀዋለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ እኮ ያርፋል" አለችው።

"ቁጭ ብዬ ልመለከት አይደል? ከዚህ በላይ ምን ዕረፍት አለ?"

ዕረፍቱ ግን እግር የሚያቀጥን ሆነ። በየሰፈሩ ያለውን ቪዲዮ ቤት አዳረሰ። በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ድረስ ሄደ። ዘመድ ሲሞትበት ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከሟች ጎረቤት "ሙሽራዋና ባቡሩ" የሚሉትን ካሴት ይዞ ተመለሰ፤ ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። የሷ ብርጭቆዎች ከሳሎኑ መደርደሪያ ተፈናቅለው ማድ ቤት ገቡ፣ በቦታቸው ካሴቶች ቆሙ። አዎ ቆሙ፤ ካሴት ተጋድሞ አይቀመጥም፣ ፀሐይ አይነካውም፣ በየስድስት ወሩ ከዳር እስከ ዳር ይጠነጠናል፣ አለበለዚያ ይጣበቃል። አዲስ ካሴት ሲገባ ደግሞ ከጀርባው ያለችውን የፕላስቲክ ጥርስ በቢላ ጫፍ ይሰብራታል። ያቺ ጥርስ ከሌለች ማንም ተነስቶ በሎጋው ላይ የእህቱን ልጅ ልደት ሊቀዳበት አይችልም።

በተለይ አንድ ሕግ ነበረችው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ካሴቶች ሁሌም በማይሆን ሽፋን ይገባሉ፤ ተከራዩ ሦስት ወስዶ ሲመልስ ማን ከማን እንደሚገባ አይጨነቅም። ስለዚህ ጋሽ መስኮት እያንዳንዱን ሽፋን ይከፍታል። ባለ ሱቁ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሕፃናት ነው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል" ሲለው "ሽፋን ታምናለህ እንዴ? ከፍተህ እይ እንጂ!" ብሎ ይገስጸዋል። ሁለት ፊልሞችን ያገኘው በዚህ ነው።

እሁድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሲኒማ ቤት ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ይመጣል፤ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ትመጣለች፤ ጎረቤቱ በየወንበሩ፣ በየሶፋው ክንድ፣ ወንበር ያጣው በረንዳው ደፍ ላይ ይቀመጣል። ጋሽ መስኮት አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ያሳያል፤ ነጥቧ ብልጭ ስትል ሳያስበው ቀኝ እጁ በአየር ላይ የሌለ ማሽን ሊያስነሳ ይዘረጋል። ሰዉ በዚህ መሳቅ ትቷል፣ ለምዶታል።

በስምንት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ሰባቱ ተገኙ። የቀረው አንዱ ግን ዋናው ነበር።

የከተማው ሰው "የተበሳው ባርኔጣ" ይለዋል። ሲኒማ ቤቱ አሥራ ሰባት ቀን በተከታታይ ያሳየው እሱን ብቻ ነው፤ በሌላ ፊልም እንዲህ ዓይነት ነገር አልታየም። ታሪኩን የማያውቅ የለም። መጨረሻው አካባቢ ሎጋው በአንድ በረት በር ላይ በጥይት ይመታል። ባርኔጣው ተበስቶ ይወድቃል፤ እሱም ከጎኑ ይዘረራል፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ እንደሰቀለ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ ሴት ወንዱ ሲላቀስ፣ ማሽኑ ይቀየርና ጉድ ይታያል። ሎጋው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደህና ባርኔጣ ደፍቶ፣ የአንዲት ባልቴት ከብቶችን እየነዳ ይመጣል! ከብቶቿን ያስረክባታል፤ ደጃፏ ላይ ተሰናብቷት ፈረሱን ወደ ተራራው ያስጋልባል፤ አለቀ። ሰዉ ወንበር ላይ ቆሞ "ተነሳ! ተነሳ!" እያለ ጮኸ። ሞቶ የተነሳውን ሎጋው ለማየት አምስቴ የተመለሰ ሰው ነበር።

በዚህ ፊልም ግን አንድ ሰው እንጀራውን አጥቶበታል። በማሽን ክፍሉ ከጋሽ መስኮት ጋር የሚሠራ ፊልም አጠንጣኝ ነበር። ታይቶ ያለቀው ጥቅል በግልባጭ ስለሚወጣ እየመለሰ ማጠንጠን፣ የተቀደደውን መቀጠል፣ በየጣሳው መክተት የሱ ሥራ ነው። ያን ቀን ፊልሙ የደረሰው በከሰዓቱ አውቶቡስ ነበርና አስቀድሞ ለማየት ጊዜ አልተገኘም። በየጥቅሉ ጫፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከብዙ ከተማ መዞር የተነሳ ተበጥሶ ጠፍቷል፤ ቁጥር ያለው ጣሳው ላይ ብቻ ነበር። አጠንጣኙ ጥቂት ክንድ ያህል ፊልም ስቦ በአምፖሉ ፊት ዘረጋና ትክ ብሎ ተመለከተ።

"ስድስት የተባለው ሰባት ነው" አለ። "ጣሳዎቹን አቀያይረዋቸዋል።"

"ጣሳው ላይ ስድስት ይላል።"

"ጣሳውን ተወውና ፊልሙን እየው። እዚህኛው ላይ ባርኔጣው ተበስቷል፤ እዚያኛው ላይ ደህና ነው። የተበሳ ባርኔጣ ተመልሶ ይደፈናል?"

"ሌላ ባርኔጣ ገዛ!"

"የት? በረሃ ላይ?"

"እኔ የሎጋው ባርኔጣ ሻጭ ነኝ እንዴ? ጣሳው ላይ ስድስት ይላል፣ ስድስት ነው!"

ቀጥሎ የሆነው ይታወቃል። አዳራሹ ተናወጠ፣ ሰዉ በደስታ አበደ። አጠንጣኙ ግን እንዲህ በቀላሉ ነገር የሚለቅ ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ወደ ሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወርዶ "ፊልሙን አገላብጠን እያሳየን ነው" አለው። ባለቤቱ ወደ ማሽን ክፍሉ ሲወጣ ጋሽ መስኮት ደሙ ፈላ። ሥራውን በሰው ፊት የነካበት ሰው አልነበረም። "ወይ እሱ ወይ እኔ" አለ። ባለቤቱ በትንሿ መስኮት ወደ ታች ተመለከተ፤ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም። አጠንጣኙ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ ለበሰ፣ ደረጃውን ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ። ጋሽ መስኮት ብስክሌቱ ሲበላሽ እየገፋ እስከ ከተማው ዳር ይወስደዋል እንጂ በዚያ ሱቅ ደጃፍ አያልፍም። ለከተማው ሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ባል አምሽቶ መጥቶ የማይሆን ሰበብ ሲደረድር ሚስት "ሌላ ባርኔጣ ገዛሁ በለኛ!" ትለዋለች።

ሠላሳ ስምንተኛው ካሴት የተገኘው ትልቁ ቪዲዮ ቤት ሲዘጋ ነው። ባለ ሱቁ ዕቃውን በካርቶን እያወጣ ነበር። ጋሽ መስኮት እንደ ልማዱ ሽፋን በሽፋን ሲከፍት፣ ወገብ ለማቅጠን ጂምናስቲክ የምትሠራ ሴት ፎቶ ካለበት ሽፋን ውስጥ "የተበሳውን ባርኔጣ" አወጣ። ባለ ሱቁን አቅፎ ሳመው። የዚያኑ ዕለት ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው፣ ለፀጉር አስተካካዩ የተነገረ ደግሞ ለከተማው ተነገረ ማለት ነው። እሁድ ሊታይ ተቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ሊያየው ተቀመጠ። እሱ ራሱ ሳያየው ለሰው የሚታይ ነገር የለም፤ የካሴቱ ጤንነት አስቀድሞ ይመረመራል። ባለቤቱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

ካሴቱ ንጹሕ ነበር። ነጥቦቹ እንኳ ሳይቀሩ ተቀድተዋል። ብልጭ ስትል እጁ ይዘረጋል፣ "አንድ" ይላል፤ ብልጭ፣ "ሁለት"። አምስተኛው ጥቅል ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ የበረቱን በር ጠበቀ። የመጡት ከብቶቹ ናቸው። ሎጋው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያልተበሳ ባርኔጣ ደፍቶ ይነዳቸዋል።

"ተበላሽቷል" አለ ጋሽ መስኮት። መለሰው። እንደገና ከብቶቹ መጡ። ሎጋው ባልቴቲቱን ተሰናብቶ ወደ ተራራው ጋለበ፤ እዚያ ላይ፣ እሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት መጨረሻ ነው ሲል በኖረበት ቦታ፣ ነጥቧ ብልጭ አለች። እጁ ተዘረጋ። ሎጋው በተራራው ሥር ወዳለችው ከተማ ገባ፣ ከበረቱ ፊት ወረደ፣ ተተኮሰበት። ባርኔጣው ተበስቶ ወደቀ፤ እሱም ወደቀ። ዓይኑ ሰማይ ላይ እንደቀረ፣ በላዩ ላይ የመጨረሻ መሆኑን የሚናገሩት ትልልቅ ፊደሎች ወጡ። በዚያ ዘመን በመጣው ቅጂ ላይ እነዚህ ፊደሎችም ያቺ ነጥብም አልነበሩም፤ ከቁጥሮቹ ጋር ተበጥሰው ቀርተዋል።

ካሴቱን ሳያቆመው ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ምንም እንዳትናገሪ" አላት።

"ምን ተናገርኩ?" አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ግን አላስቻላትም። "ሽፋን ታምናለህ ወይ እያልክ ሰው ስታስለቅስ ትኖራለህ። ያን ቀን ምን ነበር ያመንከው?"

ማጫወቻውን አጠፋው። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ፊልሙ አልነበረም። ሚስማሩ ላይ የነበረው ኮት ነው በዓይኑ የመጣበት፤ ክርኑ ላይ ተጠግኖ ነበር። ሰውዬው ልክ ነበር፣ ልክ በመሆኑም ሥራውን አጣ፣ ያሳጣውም እሱ ነው።

ቢሆንም ጋሽ መስኮት ጋሽ መስኮት ነው። ከሰዓት ላይ ሁለተኛውን ማጫወቻ ከሳጥኑ አወጣ። አንዱ እያጫወተ ሌላው ይቀዳል፤ አምስቱን ጥቅል እንዳሉ ቀድቶ፣ ቀጥሎ ሰባተኛውን፣ ከዚያ ስድስተኛውን ማስገባት ነው። ፊደሎቹ ሳይወጡ ማቋረጥ ነው። ማን ያውቃል? የከተማው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሎጋው ይነሳል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገመዱን ሰካ፣ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የአምስተኛው ጥቅል ነጥብ ብልጭ ስትል አቆመው፤ አንዲት ቅንጣት ሥዕል አላመለጠችውም። እጁ አሁንም እንደ ድሮው ነበር፣ በዚህ ኮራ።

ወደ ሰባተኛው ለመሻገር ካሴቱን ወደ ፊት አስሮጠው። ሎጋው በተቆራረጠ መስመር ውስጥ እየተንቀጠቀጠ አለፈ፣ ጋለበ፣ ወረደ። ጋሽ መስኮት አቁሞት አውራ ጣቱን ተመለከታት። ያኔ ተሳስቶ ነበር፣ አዎ፣ ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ይህን ለራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነ። አሁን ግን እያወቀ ነው የሚሠራው። ያኔ የተሰናበተውን ሰው ዛሬ ደግሞ እንደገና ሊያሰናብተው ነው፤ አሁንስ በምን አፉ ጣሳውን ይወቅሳል? ገመዱን ነቀለው። ጫማውን አደረገና ወጣ።

የብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከጣሪያዋ ጎማዎች ተንጠልጥለዋል። ሰውዬው አንድ ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ የተጣመመውን ሽቦ ይፈልጋል። ሰው መግባቱን በጥላው አወቀ እንጂ ቀና አላለም።

"ብስክሌት አልያዝክም" አለ።

"አልያዝኩም።" አለ ጋሽ መስኮት። "ልክ ነበርክ።"

"በምኑ?"

"በባርኔጣው። አንተ ሰባት ነው ያልከው ነበር መጨረሻው።"

ጎማው ለጥቂት ጊዜ ዞረ። "አውቃለሁ" አለ ሰውዬው። "ያኔም ነግሬሃለሁ።"

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

አሁን ቀና አለ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። "ስማኝ፣ እኔን የቆረጠኝ ባርኔጣው አይደለም። ሰው ይሳሳታል። 'ወይ እሱ ወይ እኔ' ያልከው ነው። ያን ደግሞ በአሠሪያችን ፊት አልክ፣ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማው። ፊልም የማያውቅ አጠንጣኝ ተብዬ ነው ያረጀሁት። አሁን እዚህ ይቅርታ ስትለኝ ከኔና ከዚህ ጎማ በቀር ማን ሰማህ?"

ጋሽ መስኮት ነገሩ እውነት መሆኑን አየ። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ና" አለው።

"እመጣለሁም፣ አልመጣምም አልልህም" አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

እሁድ ሳሎኑ መተንፈሻ አልነበረውም። ሰዎች በረንዳው ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ገባ። እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ታጥቧል፤ ግን ቅባቱ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። በሩ አጠገብ ባዶ ቦታ አግኝቶ ቆመ። የቤቱ እመቤት አየችውና የራሷን ወንበር ወስዳ ሰጠችው።

ፊልሙ ጀመረ። እስከ አምስተኛው ጥቅል ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ከብቶቹ ሲመጡ ግን ሁካታ ተነሳ።

"ጋሽዬ፣ ዘሎብሃል!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ሎጋው ገና አልሞተም እኮ!"

ጋሽ መስኮት አቆመውና ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። "አልዘለለም። ፊልሙ እንዲህ ነው። ያኔ ያሳየኋችሁ የተገለበጠ ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሳበት።

"አንተ? በጭራሽ!"

"ቪዲዮ ያደረጉት ሰዎች ናቸው ያበላሹት" አለች አስተማሪዋ በልበ ሙሉነት። "በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ነው።"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት!"

"አንተ ተሳስተህ አታውቅም!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

"ተሳስቻለሁ አልኩህ! ስለ ፊልም አንተ ልታስተምረኝ ነው?"

ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በሕይወቱ ልክ ነኝ ለማለት እንዲህ ደክሞ አያውቅም። ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ እያቆመ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ነጥቧን አሳያቸው፤ የትኛው ጥቅል የት እንደሚያልቅ አስረዳቸው፤ የባርኔጣውን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። "ሌላ ባርኔጣ የገዛ እንደሆነስ?" ያለ አንድ ጎረቤት ነበር፤ ጋሽ መስኮት "የት? በረሃ ላይ?" ብሎ አፈጠጠበት። እንደ ወትሮውም ረታ። አስተማሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ ሌላውም አንድ በአንድ አመነ።

የቀረው ይበልጥ የሚከብደው ነበር። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ።

"ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው ነበር። በአምፖል ፊት አራት ሥዕል አይቶ ነው ያወቀው። እኔ ጣሳ አምኜ አልሰማ አልኩት። አልሰማ ማለቴ ሳያንስ ከሥራው አስወጣሁት። ፊልም አያውቅም ተብሎ ሲወራበት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ ሰማሁ። ሰውዬው እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አጥፍቻለሁ፤ በናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።"

አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ብስክሌት ጠጋኙ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኑ ውሃ አቅርሯል፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

"ሰምቻለሁ" አለ። "በል አሁን ቀጥል። እኔ ይህን ፊልም ገና አላየሁትም።"

ጋሽ መስኮት ቀጠለ። ሎጋው ወደ ከተማዋ ገባ፣ ከበረቱ ፊት ወረደ፣ ወደቀ፣ አልተነሳም። ፊደሎቹ ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩ በመሐረቡ አፍንጫውን ያዘ።

"ሞተ ማለት ነው?"

"ሞተ።"

"ያኔም?"

"ያኔም ሞቶ ነበር።"

ሰዉ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወጣ። ሲወጡ ብዙዎቹ ብስክሌት ጠጋኙን ጨበጡት፤ አስተማሪዋ "አራት ሥዕል ብቻ አይተው?" ብላ ጠየቀችው፣ "ሦስትም ይበቃ ነበር" አላት። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን እሱ አልሄደም። ወደ መደርደሪያው ቀርቦ ካሴቶቹን በጣቱ እየቆጠረ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

"እነዚህ ሁሉ የሎጋው ናቸው?"

"ሠላሳ ስምንት። አንድ አልጎደለም።"

"እኔ ያየሁት ስድስት ነው" አለ ሰውዬው። "ከዚያ ቀን ወዲህ ሲኒማ ቤቱ ደጅ አልረገጥኩም። እሱን ሌላ ቦታም ላየው አልሆነልኝም፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሳይ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። የዛሬው ሰባተኛዬ ነው።"

ጋሽ መስኮት በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ሲል እንደዚህ አላመመውም። ይህ ሰው ሎጋውን ከሱ ይልቅ ይወደው እንደነበር ትዝ አለው፤ ጥቅሉን ሲያጠነጥን እንደ ሎጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። ሥራውን ብቻ አልነበረም የነጠቀው። ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"በየእሁዱ አንዳንድ ብናይ…" አለ ብስክሌት ጠጋኙ፣ እያመነታ።

ጋሽ መስኮት ከተቀመጠበት ተነሳ። "እሁድ እሁድማ አይሆንም! እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንተ ደግሞ በሦስት ትበልጠኛለህ። ሠላሳ አንድ ፊልም ቀርቶሃል። ነገ ና።"

"ነገ ሰኞ ነው፣ ሥራ አለኝ።"

"ከሥራ በኋላ ና።"

ሰውዬው አንዱን ካሴት ከመደርደሪያው አወጣ፣ ከሽፋኑ መዝዞ ተመለከተው፣ መለሰው። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ" አለ። "አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚህ ነኝ።"